ወደ ክልል የተላከ ፋይል

ፋይል እንዴት እንደሚሞት ከኔ በላይ የሚያውቅ ሰው ኮሎምበስ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ጉራ አይደለም፤ እንጀራዬ ነበር። በዚሁ በምኮራበት ዕውቀቴ የገዛ ልጄን ጎዳኋት። ነገሩ ገና ትኩስ ነው፤ ሳስበው ፊቴ ይግላል። ቢሆንም ከመጀመሪያው ልናገረው።

በወጣትነቴ አዲስ አበባ፣ አንድ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ውስጥ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። መንግሥት ተለወጠና ሥልጣን ከማዕከል ወደ ክልል ይውረድ ተባለ። ለትልልቆቹ ሰዎች ነገሩ ስብሰባና ጭብጨባ ነበር፤ ምድር ቤት ለምንሠራው ለእኛ ግን ጆንያ ነበር። የመምህራን ፋይል በየክልሉ ተለይቶ ይላክ የሚል ትእዛዝ ወረደ። እኔና ሁለት ባልደረቦቼ አቧራ እየቃምን ፋይል ስንለይ ወራት አለፉ። የሞላውን ጆንያ በሲባጎ እንሰፋለን፣ በቀለም የክልሉን ስም እንጽፍበታለን፣ አይሱዙ ላይ እንጭናለን፣ እንፈርማለን። አይሱዙው ከግቢ ሲወጣ የኛ ሥራ አለቀ።

መምህራኑ መምጣት የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው። አንዱ ጡረታ ሊወጣ ነው፣ አንዷ ዝውውር ትጠይቃለች፣ አንዱ የሕክምና ፈቃድ ይፈልጋል። ሁሉም መስኮቴ ላይ ጎንበስ ይላሉ። እኔ ደግሞ ቀና እንኳ ሳልል «ወደ ክልል ተልኳል» እላቸዋለሁ። ይሄዳሉ፤ ከወር ከሁለት ወር በኋላ ከስተው ጠቁረው ይመለሳሉ። ክልሉ «ማዕከል ነው ያለው» ብሏቸዋል። ፋይሉን ውሃ በልቶታል። ስንቱን ሰው እንዲህ እንደሸኘሁ አላውቅም፤ ማወቅም አልፈልግም።

ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ ያመለጠ ነበር። ጆንያ በሚጫንበት ቀን የመጣ ሽበታም መምህር ነው። በመስኮቱ አንገቱን አስግጎ «ልጄ፣ የኔን ፋይል እዚያ ውስጥ አትክተትብኝ፤ ፈርሜ ልውሰደው» አለኝ። አለቃዬ አልነበሩም፤ ሰጠሁት። በጋዜጣ ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ሸጎጠው፤ ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጉዞ የክልሉ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ በገዛ እጁ አኖረው። ጉዳዩ በወሩ እንዳለቀለት በኋላ ሰው ነገረኝ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ መንግሥት ዕቃ መጫን ሲጀምር ፋይሉን አውርዶ ራሱ የተሸከመ ሰው ብቻ እንደሚተርፍ አመንኩ።

ከዚያ በኋላ ስደቱም፣ ካምፑም፣ ኦሃዮ መግባቱም አለ፤ እሱን ልዝለለው። አሁን ዳውንታውን አንድ የፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ሱፐርቫይዘር ነኝ። ወርኃዊ የመኪና ማቆሚያ ፓስ የምሰጣቸው ሰዎች አብዛኞቹ በዙሪያችን ባሉት የስቴት ቢሮዎች የሚሠሩ ናቸው። ስማቸውን ብዙም አላውቅም፤ በመኪናቸው ነው የምለያቸው። ባለቤቴ ፖላሪስ የሚባል የገበያ ማዕከል፣ አንድ የልብስ መደብር ውስጥ ማናጀር ናት። አንዲት ልጅ አለችን፤ ልጅ አይሆንልንም ብለን ካበቃን በኋላ የመጣች፣ አሥራ ሦስት ዓመቷ። በጨቅላነቷ ማጅራት ገትር ያዛት፤ ከሞት ተረፈች፤ መስማቷን ግን ወሰደባት።

እኔና እናቷ ከሥራ በኋላ ክፍል እየገባን የምልክት ቋንቋ ተማርን። የኔ እጅ ዛሬም ይንተባተባል፤ ልጄ ትስቅብኛለች። የሷ እጅ ግን አያድርስ ነው። የክፍሏን ወሬ ስትነግረን ጎረምሳውን እንደ ጎረምሳ፣ መምህሩን እንደ መምህር እየሆነች ነው፤ እናቷ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። ይህን ሁሉ ወሬ የምታመጣው ደግሞ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ ያልተለየቻት የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ስለነበረቻት ነው። ሴትዮዋ መምህሩ ጎን ትቆምና እሱ የሚለውንም፣ ልጆቹ ከኋላ የሚንሾካሾኩትንም በእጇ ታቀብላታለች።

ሰባተኛ ክፍል ልትገባ ስትል ትምህርት ቤቱ ለስብሰባ ጠራን። አምስት ሰዎች፣ መሐል ጠረጴዛው ላይ አንድ ካርቶን ዶናት። ከዚህ ዓመት ጀምሮ አስተርጓሚ አይኖርም፣ በምትኩ መምህሩ የሚናገረውን የሚጽፍ ታብሌት ይሰጣታል አሉን። ለምን ስንል «ራሷን እንድትችል፣ ነፃነቷ እንዲያድግ» አሉ። ደሜ ፈላ። ጆሮዋን ቀምተው ነፃ አወጣናት ይሉኛል! ባለቤቴ በጠረጴዛው ሥር ጉልበቴን ያዝ አደረገችኝ እንጂ ዶናቱን ገልብጬው ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ልጄ ታብሌቱን ይዛ መጣችና የቀኑን ጽሑፍ አሳየችኝ። መምህሩ የሚለው ይጻፋል፣ ግማሹ ተሳስቶ። ከዚያ በየመሐሉ «ሳቅ» የሚል አለ። ሳቅ። ትንሽ ወረድ ብሎ ሌላ ሳቅ። ጣቷን እያሳረፈችበት «በምን እንደሚስቁ አይጽፍም» አለችኝ በእጇ። ቀጥላም «በኔ ይሆን?» አለች። 

ዋሽንግተን ያለው መንግሥት በትምህርት መሥሪያ ቤቱ ሥር ለእንዲህ ያለው ነገር የመብት ቢሮ እንዳለው ያገኘችው ባለቤቴ ናት። ለኛ ቅርብ የሆነው ቅርንጫፍ በስቴታችን ሰሜን በኩል ባለች ከተማ ነበር። እሷ አቤቱታውን ጻፈች፣ እኔ ፋይሉን አደራጀሁ። እዚህ ላይ ማን ይደርስብኛል? የሐኪም ወረቀቱን፣ የስብሰባውን ቃለ ጉባኤ፣ የታብሌቱን ጽሑፍ በቀን ተራ አሰናድቼ፣ ለያንዳንዱ ገጽ ቁጥር ሰጥቼ ላክሁ። ጉዳዩን የያዘችው የሕግ ባለሙያ ኮል አደረገችኝና «እንዲህ የተሰናዳ ማስረጃ ደርሶኝ አያውቅም» አለችኝ። ለሁለት ቀን ያህል መሬት አልረገጥኩም። ሕጉ ከእናንተ ጋር ነው፣ ጊዜ ይወስዳል፣ ታገሡ አለች። የበረዶውን ወራት ሁሉ ትምህርት ቤቱን ስታነጋግር እንደነበረች አውቃለሁ።

በፀደዩ ፕሬዚዳንቱ ያንን የትምህርት መሥሪያ ቤት ለመዝጋት ፈረመ። ጋራዡ ውስጥ ባለችው ቢሯችን ምሳዬን እየበላሁ በስልኬ ነው ያየሁት። ሕፃናት በትንንሽ ዴስክ ዙሪያውን ተቀምጠዋል፤ እሱ ወረቀቱን ፈርሞ ወደ ላይ ከፍ አደረገው። ትምህርት ወደ ስቴቶች ይመለሳል ተባለ። ተጨበጨበ። አጠገቤ የነበረው የሥራ ባልደረባዬ፣ እዚሁ ኮሎምበስ ተወልዶ ያደገ ደግ ሰው ነው፣ «ጥሩ ነው፤ ዋሽንግተን ስለኛ ልጆች ምን ያውቃል?» አለ። ክፉ ሐሳብ አልነበረም። ያኔ እኛም ዘንድ ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። እኔ ግን የጆንያ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ፤ ምሳዬን ከደንኩት።

በዚያው ሰሞን የሰሜኑ ቅርንጫፍ መዘጋቱን ሰማን። የሕግ ባለሙያዋጋ ደወልኩ፤ ስልኩ ሳይነሳ ጠርቶ ጠርቶ ተቋረጠ። በሳምንቱ ስደውል ቁጥሩ አገልግሎት ላይ አይደለም የሚል የተቀዳ ድምፅ መጣ። ኢሜይል ብልክላት ከሷ ሳይሆን ከማሽን መልስ መጣልኝ። ከወር በኋላ አንድ ደብዳቤ ደረሰን፦ ጉዳያችሁ በሌላ ስቴት ወደሚገኝ ቢሮ ተዛውሯል። ደብዳቤውን ቆሜ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ያንን ዓረፍተ ነገር እኔው ራሴ ለስንቱ ሰው ተናግሬዋለሁ።

ለባለቤቴ ስነግራት «አንተ ደግሞ! ይሄ አሜሪካ ነው፤ ሁሉ ነገር ኮምፒውተር ውስጥ ነው ያለው። ምን ጆንያ አለ እዚህ?» አለችኝ።

«ኮምፒውተሩም ቢሆን የሚያየው ሰው ካልተቀመጠበት ጆንያ ነው» አልኳት።

«በቃ፣ አንድ ጊዜ ጨለማ ከታየህ መብራት አትወድም» ብላ ሳቀችብኝ። ቆይታ ግን ሳቁን ተወችው፤ ደብዳቤውን አንስታ እሷም ደገመችው።

ትምህርት ቤት ዝግ በሆነበት በጋ ሙሉ ወደ አዲሱ ቢሮ ስንደውል ከረምን። ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። መስከረም ሳይጠባ ስምንተኛ ክፍል ተጀመረ፤ ያለ አስተርጓሚ ሁለተኛ ዓመት መሆኑ ነው። ልጄ ያኔ ነው መለወጥ የጀመረችው። እራት ላይ ዛሬ እንዴት ዋለ ስንላት «ደህና» የሚለውን ምልክት ታሳየንና ሳህኗ ላይ ታቀረቅራለች። ጎረምሳ መሆን ቀረ፣ መምህር መሆን ቀረ። እናቷ ለማሳቅ ትሞክራለች፣ ልጅቷ ለእናቷ ብላ ፈገግ ትላለች። የሷ እጅ ሲያርፍ ቤቱ እንዴት እንደሚከብድ ለሰው ማስረዳት አልችልም። በሚቀጥለው ዓመት ሃይስኩል ትገባለች። እንዲህ ሆና ከገባች ማን ያወጣታል?

ጋራዡ ውስጥ ደግሞ አንድ ነገር ልብ ብዬ ነበር። ሥልጣኑ ወደ ስቴት እየመጣ ነው ይባላል፤ ግን ከትምህርት ጋር የተያያዘ ሥራ ካላቸው ሰዎች አንድም አዲስ ፓስ የጠየቀ የለም። ሥልጣን መጣ፣ መኪና አልመጣም። ይህን ያየሁት በዓይኔ ነው፤ በየወሩ ዝርዝሩን የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ምን ማለት እንደሆነ ቁጭ ብዬ አለማሰቤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ያኔ ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወረፋው ገና አልተጀመረም፣ ቀድሜ ልድረስ የሚል።

ሦስተኛ ፎቅ የምታቆም፣ ግራጫ መኪና የምትነዳ አንዲት ሴት አለች። እንደ ልጄ ያሉ ልጆችን ጉዳይ በሚመለከት የስቴት ቢሮ ውስጥ ነው የምትሠራው። ሁልጊዜ ጠዋት መስኮቷን ዝቅ አድርጋ «ልጅህ እንዴት ናት?» ትለኛለች። አንድ ቀን ሆድ ብሶኝ ነበርና ሁሉንም ዘረገፍኩላት። አዘነች። «ለኛም እኮ ማመልከት ትችላለህ፤ ፎርሙ ድረ ገጹ ላይ አለ» አለችኝና ከኋላዋ መኪና ስለነበረ ወደ ላይ ነዳች።

አሁን ሳስበው የተናገረችው ለማንም የምትናገረውን ነው። እኔ ግን ቢሮ ውስጥ ሰው አገኘሁ አልኩ። የኛ ሰው ይገባዋል፤ ጉዳይ ያለበት ቢሮ ውስጥ የሚያውቁት ሰው ማግኘት ማለት ግማሹ አለቀ ማለት ነው። ፋይሌ ረግጬው በማላውቀው ስቴት፣ ፊቱን በማላውቀው ሰው እጅ ከሚያድር፣ መንገድ ተሻግሬ ልጅህ እንዴት ናት በምትለኝ ሴት ጠረጴዛ ላይ ባስቀምጠው ይሻላል ብዬ ወሰንኩ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው አዳራሽ አንድ የማከብራቸው ሽማግሌ አጠገብ ተቀመጥኩ። ጋሼ እላቸዋለሁ። እዚህ ትንሽ ሱቅ አላቸው፤ አገር ቤት ግን እኔ ፋይል በምልክበት ዘመን ክፍለ ሀገር የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ። የጆንያውን ታሪክ ነግሬያቸው አላውቅም ነበር፤ እንዳያዝኑብኝ ፈርቼ። ያን ቀን ነገርኳቸው። አልተቆጡም። ጉርሻቸውን ዋጥ አድርገው «ጆንያችሁ ደርሶን ነበር እኮ» አሉኝ።

«ደርሷችሁ ነበር?»

«ደርሷል እንጂ። ክልሉ ማስቀመጫ ስላልነበረው ከነሲባጎው እኛ ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ውስጥ ተቆለለ። የሚፈታው ሰው አልተላከልንም። እኔው ራሴ ክፍሉን ለትምህርት ስለፈለግሁት ወደ ጓሮ አስወጣሁት፤ ዝናብ መታው። አንተ መንገድ ላይ የጠፋ ይመስልህ ነበር?»

 ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጥፋቱን በአይሱዙው ሳላክክ ኖሬያለሁ። ከዚያ ስለ ልጄ ጉዳይ ምን ላደርግ እንዳሰብኩ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «አትንካው። ባለበት ይቀመጥ። ጨምር እንጂ አትቀንስ» አሉኝ። ምን ያውቃሉ ብዬ ተውኳቸው። እሳቸው ዳይሬክተር ነበሩ፣ የመዝገብ ቤት ሰው አይደሉም። የሚፈታው ሰው ከሌለ እኔው ሄጄ እፈታዋለሁ አልኩ በልቤ።

ለምን ሁለቱም ዘንድ አላስቀመጥከውም ትሉኝ ይሆናል። ይሄን ደግሞ ከኔ ሌላ ማን ያውቃል ብዬ ነው። አንድ ጉዳይ ሁለት ቢሮ ከተከፈተ ሁለቱም ቢሮ «በሌላ አካል እየታየ ነው» ብሎ እጁን ይሰበስባል። ይህን ዘዴ በወጣትነቴ መቶ ጊዜ ተጠቅሜበታለሁ። ስለዚህ አስቀድሜ የፌደራሉን አቤቱታ ዊዝድሮው ላድርግ፣ ማለትም ላንሳ፣ ከዚያ ንጹሕ እጄን ይዤ ስቴቱ ዘንድ ልሂድ አልኩ። ለባለቤቴ አልነገርኳት። ሲሳካ ነው የምነግራት ብዬ፤ ጉራዬ ነዋ።

አቤቱታዬን በራሴ ፈቃድ አንስቻለሁ የሚል አጭር ኢሜይል ላክሁ። ለወራት አንድ ቃል ያልመለሰልኝ ቢሮ በማግስቱ መለሰልኝ፤ ጉዳዩ በጠያቂው ፈቃድ ተዘግቷል። ሁለት መስመር፣ ስም የሌለው። ነገሩ አልጣመኝም። ለመሸኘት ሰው አላቸው፣ ለመቀበል ግን የላቸውም ማለት ነው ብዬ ትንሽ ቆምኩ። ከዚያ ኮቴን ለበስኩ።

የሥራ ዕረፍቴ ቀን ነበር። ፋይሉን በቦርሳ ይዤ፣ ከጋራዡ መንገድ ተሻግሬ ገባሁ። ወረቀት አንቀበልም፣ ኦንላይን ነው የሚሞላው አሉኝ። ኦንላይን ሞልቻለሁ፤ ይሄንን ደግሞ በእጄ ልስጥ ብዬ ድርቅ አልኩ። በመጨረሻ አንድ ሰው ወደ ላይ አስወጣኝና ደረሰ የሚል ማኅተም መታልኝ። እሱ ማኅተሙን እስኪፈልግ ከኋላው አየሁ። አዳራሹ ሰፊ ነው፤ ጠረጴዛው ብዙ ነው፤ ወንበሮቹ ወደ ጠረጴዛው ተገፍተዋል። የሆነ ቦታ ስልክ ይጠራል፣ የሚያነሳው የለም። ሰውየው ቀና ብሎ ሲያየኝ «ይቅርታ፣ አሁን ብዙ ነገር ወደኛ እየመጣ ነው» አለኝ። ስልኩ መጥራቱን አላቆመም። እኔ ግን ማኅተሜን አገኘሁ፤ ወረቀቱን ደረት ኪሴ ከትቼ ወጣሁ።

መልሱ በሦስት ሳምንት መጣ። አቤቱታ የቀረበበት ውሳኔ ከተሰጠ ከአንድ ዓመት በላይ ስለሆነው ቢሮው ሊያየው አይችልም፤ ትምህርት ቤቱን አዲስ ስብሰባ መጠየቅ ይቻላል ይላል። አንድ ዓመት። ያንን ቀን እኔው ነኝ በሚያምር ጽሕፈቴ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያሰፈርኩት። ጠዋት ግራጫዋ መኪና ስትገባ ፊት ለፊቷ ቆምኩ።

ደብዳቤውን አንብባ ስትጨርስ ፊቷ ተለወጠ። «የፌደራሉን ለምን ዘጋኸው? ሁለቱም ጎን ለጎን መሄድ ይችሉ ነበር» አለችኝ።

«አልነገርሽኝም» አልኳት።

«አልጠየቅከኝም» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ክፋት አልነበረበትም። ከኋላዋ ጥሩምባ ተነፋ፤ አሳለፍኳት።

ከገና በፊት ባለው ሳምንት፣ ቢሮዬ ተቀምጬ ሳለ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ። ድምፅዋን ወዲያው ለየሁት፤ የሰሜኗ የሕግ ባለሙያ ናት። ቅርንጫፉ ሲዘጋ ቤትሽ ተቀመጪ ተብላ ለወራት ከሥራ ውጭ ነበረች፤ አሁን ተመለሽ ተባለች። «ስገባ መጀመሪያ የፈለግሁት የናንተን ፋይል ነው» አለችኝ። እሷን ቤት ከመስደዳቸው በፊት ትምህርት ቤቱ ተስማምቶ ነበር። አስተርጓሚዋን ለመመለስ የስምምነቱ ረቂቅ ተጽፎ አልቋል፤ የቀረው ፊርማ ብቻ ነበር። ሰው ስለሌለ ዝም ብሎ ተቀምጧል እንጂ አልሞተም። ፋይሉን ስትከፍት ግን ከጥቂት ሳምንታት በፊት የተዘጋ ሆኖ አገኘችው።

«ለምን?» አለችኝ።

 መልሳ ልትከፍተው ትችል እንደሆነ ጠየቅኋት። እንደማትችል፣ አዲስ አቤቱታ ለማቅረብም ጊዜው ማለፉን፣ ትምህርት ቤቱም ከእንግዲህ የሚያስገድደው ስለሌለ እንደማይፈርም ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ትምህርት ቤቱን አዲስ ስብሰባ ጠይቃችሁ ከመጀመሪያው ብትጀምሩ ምናልባት ሃይስኩል ሁለተኛ ዓመቷ ላይ ይደርስላት ይሆናል አለች።  ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አንድ ሰው ፓስ ሊጠይቅ መጥቶ መስኮቴን ቢያንኳኳ ቀና ማለት አቃተኝ።

ለባለቤቴ «ተዘግቷል» ብቻ አልኳት። ማን እንደዘጋው አልጠየቀችኝም፤ ማን ሊሆን ይችላል ብላ? እሑድ ጋሼ ቤታችን ምሳ መጡ። የጾም ጊዜ ነበር፤ ሽሮና ጎመን ቀርቦ ባለቤቴ ተናደደች። እጇን እያወናጨፈች «ፈረመ፣ ሰዉን በተነ፣ የልጄን ነገር ገደል ከተተው። ለስቴት ሰጠሁ ይላል! ስቴቱ የት አለ?» ትላለች። አብዛኛው እውነት ነው። ለዚህም ነው ዝም ማለት የቀለለኝ። ጋሼ ግን አንድ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝና መልሰው ማዕዱ ላይ አቀረቀሩ። ያኔ እንዳወቁብኝ አወቅሁ።

ልጄ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታ መታ አደረገች። ሁላችንም በአፋችን ስንነጋገር ረስተናታል፤ በገዛ ቤቷ። «ምንድነው የምታወሩት?» አለች። እናቷ ነገረቻት፤ ጉዳይሽ ተዘጋ፣ አስተርጓሚዋ አትመለስም አለቻት። ልጄ «ማን ዘጋው?» ስትል እናቷ ሁለት እጇን ከግንባሯ ወደ ጎን ሳበች። ፕሬዚዳንቱ ማለት ነው።

ልጄ ወደኔ ዞረች። እናቷን አላመነቻትም ማለት አይደለም፤ የትልቅ መሥሪያ ቤት ነገር ሲሆን ሁልጊዜ የምትጠይቀው እኔን ነው። አባቷ ያውቃላ። «እውነት ነው?» አለችኝ።

ራሴን ብነቀንቅ ያልቅ ነበር። እናቷ ታምናለች፣ አገሩ ሁሉ ያምናል፣ ጋሼም አፋቸውን አይከፍቱም። ጣቴን አነሳሁና ደረቴን ነካሁ። እኔ።

ባለቤቴ «ምን ነው ያልካት?» ስትል ሰማሁ፤ ድምፅዋ ከሩቅ መጣብኝ። ልጄ ግን ፊቴን፣ ቀጥላ ጣቴን አየች። ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች። እንደ ተናደደ ልጅ ጭምቅ አድርጋ አይደለም፤ ቀስ ብላ፣ እጇን ጭኗ ላይ አሳርፋ። ዓይኗ ከተጨፈነ ለሷ ምንም ነገር የምናገርበት ሌላ መንገድ የለኝም። ጡጫዬን ደረቴ ላይ ማዞር ጀመርኩ፤ ይቅርታ ማለት ነው። እያዞርኩ ዓይኗን እስክትገልጥ ጠበቅሁ። ሽሮው ቀዘቀዘ፣ ጋሼ ተነሥተው ኮታቸውን ለበሱ፣ ልጄ አልገለጠችም።